«ነገ ባትወልድ ጣቱ ሁሉ ወደ እኔ ነው»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

የ12 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በትምህርት ቤቷ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ሊሰጥ ነው። ታላቅ እህቴን የነጠቀኝ ይኸው በሽታ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። ቡና ስንጠጣ የሚወራው ግን ሌላ ነው። «መካን ያደርጋል» ይላሉ። ባለፈው ዙር አንዲት ልጅ ተወግታ በመውደቋ የሚያምን ጠፋ። አማቴም «የልጅ ልጄን ማህፀን እንዳታዘጊባት» ብለውኛል። አስከትቤያት ነገ ባትወልድ የሰፈሩ ጣት ሁሉ ወደ እኔ ነው። ሳላስከትባት ቀርቼ እንደ እህቴ ብትሆንስ?

እናት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

የተከበሩ እህቴ፣ በእህትዎ ኀዘን እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነብ፣ ከመርፌው ይልቅ ያስጨነቀዎት «አላልንሽም ነበር?» መባሉ መሆኑን ተረዳሁ። ልጅ ሳትከተብ ቀርታ ከ30 ዓመት በኋላ ብትታመም ጎረቤት ማንንም አይወቅስም። ተከትባ አንድ ነገር ቢደርስባት ግን ወቃሹ ብዙ ነው። ፍርዱ ገና ከመጀመሪያው ያደላ ነው፤ ይህም እጅግ ያሳዝነኛል።

በዚህ ዕድሜ መርፌ ሲወጉ በድንጋጤ ራስን መሳት የታወቀ ነው። ከክትባት በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ተቀምጠው እንዲቆዩ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። መውደቋ ሰፈሩን አዳርሷል፤ በማግስቱ እንዴት እንደዋለች ያወራ ግን አለ? ሄደው እናቷን ይጠይቁ።

ክትባቱ በዓለም ላይ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየተሰጠ ነው፤ መካን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። በአገራችን በ2011 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር በ14 ዓመታቸው የተከተቡት ልጃገረዶች ዛሬ 20 ዓመት አልፏቸዋል። ከቡና አጣጮችዎ መካከልም ልጇን አስከትባ ዝም ያለች ትኖር ይሆናል። የሚቃወሙት ጮክ ብለው ሲናገሩ ያስከተቡት ዝም ስለሚሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የተቃወመ ይመስላል።

አማትዎን አይከራከሯቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ለቡና ይጥሯትና የፈሩትን ራሳቸው ይጠይቋት። ከዚያ በፊት ግን እህትዎ በምን እንደሞተች ይንገሯቸው። በስንቱ ቤት ይህ በሽታ ስሙ ሳይጠራ ከሟቿ ጋር ይቀበራል!

ልጅዎን ያስከትቡ። ክትባቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ ሳያገኛት በፊት ሲሰጥ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜዋ ትክክለኛው ነው። በዕለቱ ቁርሷን አብልተው ይላኳት።