መዋኛ ገንዳዬን በመረብ መሸፈን በሕግ ግዴታዬ ነው?

ጥያቄ፦ በግቢያችን መዋኛ ገንዳ እያስቆፈርን ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አለን። የጎረቤት ልጆችም ኳሳቸው በገባ ቁጥር አጥር ዘለው ይመጣሉ። ተቋራጩ “ገንዳውን ከላይም ከጎንም በወንፊት መረብ ካስከለላችሁት ሌላ አጥር አያስፈልጋችሁም፤ ሕጉም የሚለው እሱን ነው” ይለናል። የመረቡ ጓዳ ከቤታችን የኋላ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ነው የሚሠራው። ባለቤቴ ደግሞ “መረብ ለትንኝ ነው፤ ገንዘብ አናባክን” ባይ ነው። ለመሆኑ መረቡ ግዴታ ነው? አንድ ነገር ቢደርስስ ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጥያቄዎ ገና ጉድጓዱ እየተቆፈረ ሳለ መምጣቱ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ጠበቃ ጋ የሚደርሰው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሕጎች በአብዛኛው “መረብ ሥሩ” ብለው አያስገድዱም። የሚያስገድዱት ትንሽ ልጅን ከውሃው የሚለይ ከለላ እንዲኖር ነው። መረቡ ያ ከለላ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ ተቋራጩም ባለቤትዎም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሁለቱም ያላዩት ግን አንድ ነገር አለ። እሱም ከቤታችሁ ወደ ገንዳው የሚያስወጣው በር ነው።

ቤትዎ የት እንደሆነ አልጻፉልኝም። የገንዳ ደንብ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም በአንድ አገር ውስጥ ከከተማ ከተማ ይለያያል። የመጨረሻውን ቃል የሚያገኙት የግንባታ ፈቃድ ከሰጣችሁ ቢሮ ነው። እኔ ግን ሕጎቹ እንዴት እንደሚያስቡ ላሳይዎት እችላለሁ። አስተሳሰባቸው ይቀራረባል።

ከአሜሪካዋ ግዛት ከፍሎሪዳ ልጀምር፤ የመረብ ጓዳ ያለው ገንዳ በጣም የተለመደው እዚያ ስለሆነ። የግዛቲቱ የመኖሪያ ቤት ገንዳ ደህንነት ሕግ የወጣው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2000 ነው። ሕጉ “ትንሽ ልጅ” የሚለው ከ6 ዓመት በታች ያለውን ነው። ለአዲስ ገንዳ ምርጫዎች ይዘረዝርና ቢያንስ አንዱን አሟላ ይላል። ገንዳውን ከቤቱ የሚለይ ከለላ አንዱ ነው። ደረጃውን ያሟላ የደህንነት መሸፈኛ ሌላው ነው። ወደ ገንዳው በሚያስወጡ በሮችና መስኮቶች ሁሉ ላይ የሚገጠም የማንቂያ ደወልም አለ። በራሱ የሚዘጋና በራሱ የሚቀረቀር፣ መክፈቻው ከወለሉ ቢያንስ 137 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ የቤት በርም ይፈቀዳል። ኋላ ላይ ደግሞ ውሃው ውስጥ የሚቀመጥ ደወል ተጨምሮበታል። አንዱንም ያላሟላ ባለቤት ቀላል ወንጀል እንደፈጸመ ይቆጠራል። መጥሪያ በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ ካሟላና ስለ መስጠም አደጋ የሚሰጠውን ትምህርት ከወሰደ ግን ቅጣቱ ይቀርለታል።

አያችሁ፣ “የወንፊት መረብ” የሚባል ምርጫ ለብቻው ተለይቶ አልተቀመጠም። የግዛቲቱ የግንባታ ኮድ መረቡን የሚቀበለው የከለላን መስፈርት እስካሟላ ድረስ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መረብ ስለሆነ አያልፍም፤ እንደ አጥር ተመዝኖ ነው የሚያልፈው።

ፈረንሳይም በ2003 ባወጣችው ሕግ መሬት ውስጥ ለተሠራ የግል ገንዳ አራት አማራጮች ትሰጣለች፦ አጥር፣ ደወል፣ መሸፈኛ፣ ወይም ገንዳውን የሚያለብስ መጠለያ። አንዱ የግድ ነው። ቅጣቱ እስከ 45,000 ዩሮ ይደርሳል። መጠለያውም የሚቆጠረው ሲዘጋ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊገባበት የማይችል ከሆነ ነው።

ከሁሉም ጠንከር ያለው የአውስትራሊያዋ የኒው ሳውዝ ዌልስ ሕግ ይመስለኛል። የ1992ቱ የመዋኛ ገንዳ ሕግ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ገንዳ ሁሉ ይመለከታል። አዲስ ገንዳ ከመንገዱ ብቻ ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቱም በአጥር እንዲለይ ያዛል። “ከመኖሪያ ቤቱም” የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የእናንተም ጉዳይ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ። በመግለጫዎ መሠረት የመረቡ ጓዳ ሦስት ጎን ይኖረዋል። አራተኛው ጎን የራሳችሁ ቤት ነው። ይህ ማለት መረቡ የሚያግደው ከውጭ የሚመጣውን ልጅ ነው። የእናንተ ልጅ ግን ከውጭ አይመጣም። ጠዋት ከአልጋው ተነስቶ፣ ኮሪደሩን አልፎ፣ የሳሎኑን ተንሸራታች በር ገፍቶ ነው የሚወጣው። በእሱና በውሃው መካከል ምንም መረብ የለም። ወላጆች መረቡን አይተው “ታጥሯል” ብለው ልባቸውን ያሳርፋሉ። ታጥሯል፤ ግን ልጁ የታጠረው ከገንዳው ጋር አብሮ ነው።

ይህን ደጋግሜ የምለው ምክንያት አለኝ። ትንሽ ልጅ ሲሰጥም አይጮኽም፤ ውሃውንም እያንቦጫረቀ አይጣራም። ዝም ብሎ ነው የሚሰምጠው፤ ደግሞም በደቂቃዎች ውስጥ። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ቀዳሚው የሞት መንስኤ መስጠም ነው። ገንዳውን በአራቱም ጎን ከቤቱ ለይቶ ማጠር፣ ቤቱን እንደ አራተኛ ጎን ከመቁጠር የተሻለ እንደሚከላከል በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚስማሙበት ነገር ነው።

ስለዚህ የተቋራጩ “ሌላ አጥር አያስፈልግም” የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ሁለት ነገር ከተሟላ ነው። መጀመሪያ፣ መረቡ ራሱ እንደ አጥር መቆም አለበት። ቀጥሎ፣ ወደ ገንዳው የሚያስወጡ የቤቱ በሮችና መስኮቶች መላ ሊበጅላቸው ይገባል።

መረቡ እንደ አጥር ይቆማል የሚባለው መቼ ነው? ብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ ቁመቱ ከ120 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ የማያሳልፍ ከለላ ነው። ለረጅም የመረብ ጓዳ ይህ ከባድ አይደለም። የሚወድቀው በበሩ ነው። የመረቡ በር ወደ ውጭ፣ ማለትም ከገንዳው በተቃራኒ መከፈት አለበት። ሲለቁት በራሱ መዘጋት አለበት። ሲዘጋም በራሱ መቀርቀር አለበት። መቀርቀሪያው ትንሽ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይሁን። ተራ የመረብ በር ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ እጀታ ነው የሚገጠምለት፤ እሱንም የሦስት ዓመት ልጅ ይደርስበታል። ተቋራጩ ሥራውን ሲያስረክብ በሩን ራስዎ ይሞክሩት። ትንሽ ብቻ ከፍተው ይልቀቁት። ቀጭ ብሎ ካልተዘጋ አይረከቡት።

ጨርቁንም ይመልከቱ። የወንፊት መረብ ከፍሬሙ ጋር የሚያያዘው በቀጭን የጎማ ገመድ ነው። ልጅ የታችኛውን ጥግ በእግሩ ደጋግሞ ቢገፋው ከቦታው ይወጣል። ውሻ ካላችሁ በጥፍሩ ይቀደዋል። ፀሐይም ከዓመታት በኋላ ያደርቀዋል። ስለዚህ የታችኛው ክፍል በብረት ወይም በአሉሚኒየም ሉህ ቢሸፈን ወይም ጠንካራ መረብ ቢደረግበት ጥሩ ነው። ወንበር፣ የአበባ ማስቀመጫና የውሃ ሞተር ከመረቡ አጠገብ አይቀመጡ፤ መወጣጫ ይሆናሉ።

ለቤቱ በር ደግሞ ደወል፣ በራሱ የሚዘጋ ማጠፊያና ከፍ ያለ መቀርቀሪያ ያስገጥሙ። የእኔን ምርጫ ከጠየቁኝ ግን፣ በመረቡ ጓዳ ውስጥ ገንዳውን ብቻ የሚከብ ተነቃይ የጥልፍልፍ አጥር እጨምራለሁ። ልጁ ሲያድግ ይነሳል። ለሁለቱም ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ አጥሩ ይቅደም። መረቡ በሚቀጥለው ዓመትም ይሠራል። እዚህ ላይ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። መረቡ በዋናነት ትንኝን፣ ቅጠልን እና ነፍሳትን የሚከላከል ምቾት ነው። ለምቾት ማሠራቱ ምንም ክፋት የለውም። ብቻ ለደህንነት በተያዘው ገንዘብ አይሁን።

ወደ ተጠያቂነቱ ልለፍ። ይህኛው ሰፋ ያለ ነው።

የጎረቤት ልጅ አጥር ዘሎ ገብቶ ቢጎዳ “ያለ ፈቃድ ነው የገባው” ማለት ያድነናል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ለአዋቂ ሰው አንዳንዴ ይሠራል። ለልጅ ግን በጣም ደካማ መከራከሪያ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከ1870ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት አስተሳሰብ አለ። መነሻው በባቡር ማዞሪያ መድረክ ላይ ሲጫወት የተጎዳ ልጅ ጉዳይ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ግቢህ ውስጥ ልጅን የሚስብ አደገኛ ነገር ካስቀመጥክ፣ ልጆች እንደሚመጡም ካወቅክ ወይም ማወቅ ከነበረብህ፣ ጥንቃቄ ባለማድረግህ ትጠየቃለህ። በሌሎች አገሮችም ወደዚያው የሚያደርስ መንገድ አለ። በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ የሚለው መርህ በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1240፣ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2028 ተቀምጧል። ጥፋት ማለት መግፋት ብቻ አይደለም። ማድረግ የሚገባን ጥንቃቄ መተውም ጥፋት ነው።

አሁን የራስዎን ደብዳቤ መልሰው ያንብቡት። “የጎረቤት ልጆች ኳሳቸው በገባ ቁጥር አጥር ዘለው ይመጣሉ” ብለዋል። ነገ ፍርድ ቤት ቀርበው “ልጅ ይገባል ብዬ አላሰብኩም” ማለት አይችሉም። ያውቃሉ። ይህን የምለው ላስፈራራዎት አይደለም። ማወቅዎ ኃላፊነቱን ከፍ ስለሚያደርገው ነው። አሁን ያለው የግቢ አጥር ልጆቹን እንደማያቆማቸው በተግባር ታይቷል። “መግባት ክልክል ነው” የሚል ሰሌዳም ማንበብ የማይችል ልጅን አያቆምም። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ገንዳ እየተሠራ መሆኑን ንገሯቸው።

ሌላው ነገር፣ ደንቡን ማሟላት ጥሩ መከላከያ ነው እንጂ ሙሉ ዋስትና አይደለም። ደንብ ዝቅተኛው ልክ ነው። መረቡን በደንቡ ልክ አሠርታችሁ በሩን ለዕቃ ማስገቢያ ብላችሁ በገመድ አስራችሁ ክፍት ብታውሉት፣ በዚያች ሰዓት ከለላ የለም። ክርክር ሲነሳ ዳኛው የሚጠይቀው ባለፈው ዓመት ስለተሰጠው የምስክር ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ከሰዓት በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ ብሎም ነው። በተቃራኒው ደንቡን መጣስ በራሱ ጥፋት መኖሩን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ተቋራጩስ? እሱ “ሕጉ እሱን ነው የሚለው” ብሎ በቃል የተናገረው እናንተን አያድንም። የገንዳው ባለቤት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁት። የትኛው ደንብ፣ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በጽሑፍ ይስጥዎት። ከዚያ በውሉ ውስጥ “ተቋራጩ ሥራውን የገንዳ ከለላ መስፈርት አሟልቶ ያስረክባል፤ በምርመራ ካላለፈ በራሱ ወጪ ያስተካክላል” የሚል አንቀጽ ይግባ። በሥራው እምነት ያለው ተቋራጭ ይህን ለመፈረም አያንገራግርም። የመረቡ ጓዳ ራሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ግንባታ መሆን አለመሆኑንም ያጣሩ። ንፋስ የሚሸከም ፍሬም ስለሆነ ብዙ ቦታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከወሰን መስመር ምን ያህል መራቅ እንዳለበትም ይወሰናል። የመንደር ነዋሪዎች ማኅበር ካለ የእሱን ደንብም ይጠይቁ።

የቤት መድን ካላችሁ ገንዳ መሥራታችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። ዋና ነገር ደብቆ የተገኘ ደንበኛ ካሳ ሲጠይቅ ኩባንያው የመጀመሪያ መከራከሪያው ያ ነው የሚሆነው። መረቡ በማዕበል ቢፈርስ መድኑ ይሸፍን እንደሆነም ይጠይቁ፤ ብዙ ውሎች ይህን ለይተው ያስቀሩታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለነገ የሚያድር አይደለም። ጉድጓዱ አሁን ክፍት ነው። ዝናብ ቢዘንብ ውሃ ይይዛል። ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። ሠራተኞቹ ማታ ሲወጡ ዙሪያውን ጊዜያዊ አጥር ማን እንደሚያቆም በውሉ ካልተጻፈ ዛሬውኑ ይጻፍ። እስከዚያው የጓሮውን በር ቁልፍ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ፈቃዱንና የተቋራጩን የጽሑፍ መልስ ከላኩልኝ ገንዳው በውሃ ከመሞላቱ በፊት አየዋለሁ።