ግፊት በቤት ሲለካ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ደም ግፊት የመጡት ጥያቄዎች ላይ ላዩን የመድኃኒት ይመስላሉ፤ ሲፈተሹ ግን ብዙዎቹ የአለካክ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ፋርማሲ ስለካ 152 በ94፣ ቤት በልጄ ማሽን ስለካ 131 በ82 ነው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ በትክክል ከተለካ፣ የቤቱን። ከለገሃር ዳገቱን በእግር ወጥተው፣ ትንፋሽዎ ሳይሰበሰብ፣ እግርዎ ተንጠልጥሎ ከተለኩ ቁጥሩ ቢወጣ አይገርምም። ነጭ ጋዋን ሲያይ ብቻ ግፊቱ የሚጨምር ሰውም ሞልቷል። ክሊኒክ ውስጥ ከፍተኛ የሚባለው ከ140 በ90 ጀምሮ ሲሆን ቤት ውስጥ ግን ከ135 በ85 የሚጀምረው ለዚሁ ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቀደም ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ደረጃ መውጣት ይቅር። ሽንት ቤት ይግቡ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሁለቱም እግርዎ ሳይነባበር መሬት ረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ተደርጎ፣ በልብዎ ልክ ይረፍ። የማሽኑ ጨርቅ የሚታሰረው ባዶ ክንድ ላይ ነው፤ የታችኛው ጠርዙ ከክርን መታጠፊያ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ሹራብን ወደ ላይ መጠቅለል አይሆንም፤ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንድን ያንቃል። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ይለኩ፤ ጠዋት ኪኒን ሳይውጡ፣ ማታም እንደገና፣ ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉትና የቀሩትን 24 ልኬቶች ደምረው ለ24 ያካፍሉ፤ የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ። ለሐኪም የሚቀርበው ይህ ነው። ደህና የመጣውን እየመረጡ መጻፍ፣ ያው የተለመደ ነው፣ የሚጎዳው ራስን ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ማሽኑ መጀመሪያ 160 ይላል፣ ወዲያው ስደግመው 138። ተበላሽቷል?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የመጀመሪያው ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሁለቴ የሚለካውም ለዚህ ነው። ልዩነቱ በየቀኑ እንዲህ ከሰፋ ግን ጨርቁን ይጠርጥሩ። በልብስ ሰፊ ሜትር የክንድዎን መሃል ይለኩ። ብዙ ጊዜ ከማሽን ጋር የሚመጣው ጨርቅ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ላለው ክንድ ነው፤ ክንድዎ 35 ከሆነ ጠባቡ ጨርቅ የሌለ ግፊት ይጨምርብዎታል። ክንድ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ሲል ደግሞ ቁጥሩ ላይ 8 ያህል ይጨመራል። እየተለኩ ማውራትም ከፍ ያደርጋል፤ ስልክ ማንሳትም ያው ነው። የልብ ምትዎ የሚዘባረቅ ከሆነ ግን ማሽኑ ሊሳሳት ስለሚችል በሐኪም ጆሮ ይደመጥ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ እናቴ ሑዳዴን ትጾማለች፤ ኪኒኗን ጠዋት ነበር የምትወስደው። ወደ ማታ ብናዛውረውስ?

መልስ፦ በእንግሊዝ አገር ከ21,000 በላይ የግፊት ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ የወጣው በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግማሾቹ ኪኒናቸውን ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ግማሾቹ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ወሰዱ። በልብ ድካም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ለውጥ አልታየም። ስለዚህ እንደ አምሎዲፒን ያለ በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን ማታ ቢሆን ችግር የለውም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን የሚያሸና ነው፤ ማታ ከዋጡት ሌሊት ያስነሳል፣ አረጋዊት ሴት በጨለማ ልትወድቅ ትችላለች። ቀኑን ውኃ ሳይጠጣ ሲዋል ደግሞ ያዞራል። በቀን ሁለቴ የታዘዘ ካለም ሌላ ነገር ነው። ጾሙ ሳይገባ የኪኒኖቹን ዝርዝር ይዛችሁ ሐኪሟን አማክሩ። ቀንሶ መዋጥ ወይም እስከ ፋሲካ ማቆም ግን አይሞከርም።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ጀምሬ ኪኒኑን ከተውኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ግፊቴ ጥሩ ነው። መቀጠል እችላለሁ?

መልስ፦ አይቀጥሉ። አምሎዲፒን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያዩት መልካም ቁጥር የኪኒኑ ትራፊ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሰው አዲስ ነገር የሚጀምረው ግፊቱ ወጣ ያለ ዕለት ነው፤ ምንም ባይወስድም በማግሥቱ ይወርዳል። ይህን ለመለየት ነው ተመራማሪዎች በዕጣ ሁለት ቡድን የሚከፍሉት። በነጭ ሽንኩርት ላይ የተደረጉ ትናንሽ ጥናቶች መጠነኛ መቀነስ አሳይተዋል፤ ስትሮክ ማስቀረቱ ግን አልተረጋገጠም። ወጥ ውስጥ ይብሉት፣ ኪኒኑንም ይዋጡ።

ጥያቄ (ከስታዲየም አካባቢ)፦ ጨው ቀንሱ ይሉናል። ስንት ነው የሚቀነሰው?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል። በጓዳ ሲሰላ፦ አምስት አዋቂ ባለበት ቤት 1 ኪሎ ጨው ከ40 ቀን በፊት ካለቀ በዝቷል። ዳቦው፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለው ገና አልተቆጠረም፤ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ከገባበት፣ ወጥ ላይ ደግሞ መነስነስ እጥፍ ነው። በቻይና 600 መንደሮች የተደረገ ጥናት ከጨው ሩቡን በፖታሲየም ክሎራይድ ሲተካ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሷል። ነገር ግን ኩላሊቱ የታመመ፣ ወይም ስፓይሮኖላክቶን፣ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን የሚባሉትን ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ እንዲህ ያለውን ጨው አይንካ፤ ፖታሲየም ሲጠራቀም የልብን ምት ያውካል።

ጥያቄ፦ ድንገት 190 በ122 ቢሆንብኝ?

መልስ፦ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን መጋረድ ካለ ወዲያው ሆስፒታል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ምልክት ከሌለ 5 ደቂቃ ዐርፈው ይድገሙት፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ያግኙ። ኪኒን እጥፍ መዋጥ ወይም ኒፈዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ከምላስ ሥር ማድረግ ግፊቱን ባንዴ አውርዶ ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ፣ ይጋጫል?

መልስ፦ አዎ። ግፊት ይጨምራል፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸናው ኪኒን ጋር ሲደረብ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ ነው። ፋርማሲስቱን ፓራሲታሞል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ማሽን ልገዛ ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ይቀላል።

መልስ፦ ይቀላል፣ ግን በቀላሉ ይሳሳታል። የክንድ ይግዙ። መጀመሪያ ለሕክምና ቀጠሮ ሲሄዱ ይዘውት ሄደው ከክሊኒኩ ጋር ያስተያዩት። ሳጥኑን አይጣሉት፤ የጨርቁ ልክ የተጻፈው እሱ ላይ ነው።