ኡስኒያና የባሌ ፍልፈል፦ ስለ ምደባቸውና ስለ ጥበቃ ደረጃቸው ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባሌ ተራሮች ላይ ከኮሶና ከአስታ ቅርንጫፍ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ተክል ነው? ከፍልፈልስ በምደባ ምን ያህል ይርቃል?

መልስ፦ ተክል አይደለም፣ ኡስኒያ የሚባል ሊከን ነው። ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት አካል ነው፤ ፈንገሱ አካሉን ይሠራል፣ አልጌው በብርሃን ስኳር ያዘጋጃል። ሳይንሳዊ ስሙ የፈንገሱ ስለሆነ ስፍኑ (ትልቁ የምደባ ክፍል) ፈንገስ፣ አስተኔው (የቅርብ ዘመዶች ምድብ) ፓርሜሊያሴ ይባላል። የባሌው ትልቅ ፍልፈል ስፍኑ እንስሳ፣ መደቡ አጥቢ፣ ክፍለመደቡ ዘራይጥ፣ አስተኔው ስፓላሲዴ ነው። ሆኖም ፈንገስ በዝምድና ከተክል ይልቅ ለእንስሳ ይቀርባል። ስለዚህ የኡስኒያው ፈንገስ ከተንጠለጠለበት ኮሶ ይልቅ ከሥር አፈር ለሚምሰው ፍልፈል የቀረበ ዘመድ ነው፤ ለኮሶው የሚቀርበው አልጌው ነው።

ጥያቄ፦ ኡስኒያ መሆኑን በምን እንለያለን?

መልስ፦ መሬት የወደቀ ክር አንሡ፣ አርጥቡት፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ መሐሉ ላይ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነጭ ክር ከታየ ኡስኒያ ነው። ኡስኒያን የሚመስለው ሌላው ሊከን፣ ራማሊና፣ ይህ የለውም። ደረቁን ከሳባችሁት ቶሎ ስለሚበጠስ ትሳሳታላችሁ።

ጥያቄ፦ ዛፉን ያደርቀዋል?

መልስ፦ አያደርቀውም። ሥር የለውም፤ ውኃውን ከጉምና ከዝናብ ነው የሚያገኘው።

ጥያቄ፦ የትኛው ነው ለመጥፋት የቀረበው?

መልስ፦ ፍልፈሉ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ «ለመጥፋት የተቃረበ» ተብሏል። በሳር ሜዳው ላይ በብዛት ስለሚታይ ብዙ ሰው ይህን አያምንም። ችግሩ የቦታው ጥበት ነው፤ ከባሌ በቀር የትም የለም፣ የሚኖረውም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከብት ሳሩን ሲግጥና አፈሩን ሲረግጥ ምግቡም ጉድጓዱም ይበላሻል፤ እሱን አድኖ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም አብሮ ይጎዳል። በየእርሻው የምናየው ተራው ፍልፈል ግን «አሳሳቢ ያልሆነ» በሚለው ደረጃ ላይ ነው።

አብዛኞቹ የኡስኒያ ዝርያዎች ደግሞ «ያልተገመገሙ» ናቸው። ይህ ማለት ማንም አልመዘናቸውም እንጂ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ኮሶው ሲቆረጥ አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱን ደረጃዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ሊከኑ ይሻላል» ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ለግምገማ እንዴት ይቆጠራሉ?

መልስ፦ ዛፍ ላይ ለሚኖር ሊከን፣ ዝርያው ያለበት አንድ ዛፍ እንደ አንድ ግለሰብ ይወሰዳል፤ ክሮቹን አትቁጠሩ። በፍልፈል ደግሞ ትኩሱን የአፈር ክምር ከአሮጌው ለዩ። አንዱ ፍልፈል ብዙ ክምር ስለሚያወጣ የክምሩን ብዛት የእንስሳው ብዛት አድርጎ መመዝገብ ቁጥሩን ያለ ልክ ያሳብጠዋል።