ስለ ማህፀን በር ቁስለትና ኢንዛይሞች፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ለመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከደቅ ደሴት፣ ላቦራቶሪ)፦ የማህፀን በር ቁስለት (ቅድመ ካንሰር) ላለባቸው ሴቶች ኤል ዲ ኤች (ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም) እንዲሠራ ደም በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እንልካለን። ሁሌም ከፍ ብሎ ይመጣል። ቁስለቱ እየባሰ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ መጀመሪያ ጉዞውን ጠርጥሩ። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኤል ዲ ኤች ከሴረሙ (ደሙ ሲረጋ ከሚለየው ፈሳሽ) ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ሴረሙ ሳይለይ የተላከ ደም ጀልባው ሲያናውጠው ሴሉ ይፈነዳና ኢንዛይሙ ወደ ሴረሙ ይፈሳል። ደሙ እስኪረጋ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ 10 ደቂቃ ሴንትሪፉጅ አድርጉ፣ ሴረሙን እዚያው ደሴቱ ላይ ወደ ሌላ ቱቦ ገልብጡና ላኩ። መልኩ ወደ ሮዝ ካደላ አትላኩት፣ ደሙን እንደገና ቅዱ። በረዶ ሳጥን ውስጥም አትክተቱት፤ ከኤል ዲ ኤች ዓይነቶች 4ኛውና 5ኛው ቅዝቃዜ አይችሉም።

በትክክል ተሠርቶም ቢሆን ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ቅድመ ካንሰር ገና ከላይኛው ሽፋን ያልወጣ ትንሽ ቁስለት ነው፤ ደም ውስጥ ምልክት አይተውም። የጉበት፣ የልብና የጡንቻ ጉዳት ግን ኤል ዲ ኤችን ከፍ ያደርገዋል። እባካችሁ በዚህ ቁጥር ሴት አታስደንግጡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የቁስለቱን መባባስ የሚከተል ኢንዛይም የለም?

መልስ፦ አለ፣ የሚገኘው ግን ከራሱ ከማህፀን በር ሴል ነው። ዋናው የክሮሞሶም ጫፎችን የሚያድሰው ቴሎሜሬዝ ነው። የኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ኢ6 የተባለ ፕሮቲን ይቀሰቅሰዋል፣ ሴሉም ሳያረጅ መከፋፈሉን ይቀጥላል። ችግሩ ኢንዛይሙ ቶሎ ይበላሻል፤ ናሙናው ወዲያው በጥልቅ ቅዝቃዜ ካልተያዘ ውጤቱ በሐሰት «የለም» ይላል። ሌላውን የቁስለት ምልክት፣ ፒ16ን፣ ኢንዛይም የሚሉ አሉ፤ እሱ ሲ ዲ ኬ 4 እና 6 የተባሉ ኢንዛይሞችን የሚገታ ፕሮቲን ነው።

ጥያቄ (ነርስ፣ ከዘጌ)፦ እኛ ለምርመራ ያለን የማህፀን በር ላይ ሲደረግ ቁስለቱን የሚያነጣው አሴቲክ አሲድ ብቻ ነው። ነጭነቱ አንዳንዴ አይታየንም።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጥድፊያ ነው። 95 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ አሲድ ጨምሩ፤ ሳይበረዝ ከነካ ክፉኛ ያቃጥላል። በየዕለቱ አዲስ በጥብጡ። ንፍጡን ጠርጉ፣ በአሲዱ የራሰ ጥጥ ያዙበት፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ በሰዓት ቁጠሩ፣ ከዚያ እዩ። ትርጉም ያለው ነጭነት ጠርዙ የለየ፣ ደመቅ ያለና የማህፀን በር የውጭና የውስጥ ሽፋኖች የሚገናኙበትን መስመር የሚነካ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 56 ዓመታቸው ነው፤ ይህ የአሲድ ምርመራ ይበቃቸዋል?

መልስ፦ ለእሳቸው አይመከርም። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ያ መስመር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ዓይን አያገኘውም። የኤች ፒ ቪ ምርመራ ይጠይቁላቸው፤ ናሙናውን ራሳቸውም መውሰድ ይችላሉ። ደም ከፈሰሳቸው ግን ተራ ምርመራ አይጠብቁ፣ በቀጥታ የማህፀን ሐኪም ይያቸው።