ፒንግ ይመልሳል፣ ዲስኩ ግን አይጽፍም

ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለን ጉዳዩን ባጭሩ ላስቀምጠው። የምትሠሪበት ዩኒየን ሦስት ሰርቨሮች አሉት። ሃይፐርኮንቨርጅድ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ለብቻው የቆመ ስቶሬጅ፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻ፣ የለም፤ ሦስቱ ሰርቨሮች የየራሳቸውን ዲስክ ሴፍ በሚባል ሶፍትዌር አዋጥተው እንደ አንድ የጋራ ስቶሬጅ ይጠቀሙበታል። ከላይ ፕሮክስሞክስ አለ፤ በሰርቨሮቹ ላይ ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን፣ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። ሰርቨሮቹን የሚያገናኝ፣ ለስቶሬጁ ብቻ የሚያገለግል የ10 ጊጋቢት ስዊች አላችሁ። ማክሰኞ ማታ ነጎድጓድ ነበር፣ መብራት ሄደ፣ ሌሊት መጣ። ጠዋት ስትገቢ ሰርቨሮቹ ተነስተዋል፣ እርስ በርስም ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል አጭር የሙከራ መልእክት፣ ይመላለሳሉ፤ ቨርቹዋል ማሽኖቹ ግን ደርቀው ቀርተዋል። ሴፍ አሁን ሁለት ኦኤስዲ (እያንዳንዱን ዲስክ የሚያስተዳድረው የሴፍ ፕሮግራም) ወደቀ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ተነሱ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ከሌላው ሰርቨር ወደቀ ይላል። የማዳበሪያ ሽያጩ የሚመዘገበው እዚያ ላይ ስለሆነ ገበሬው ግቢ ውስጥ ተሰልፎ ደረሰኝ በእጅ እየተጻፈለት ነው። «ጋሼ፣ ዲስኮቹ ተበላሽተው ይሆን? የሚወድቁትን ኦኤስዲዎች አጥፍቼ እንደ አዲስ ልፍጠራቸው?» ብለሻል።

እንዳታደርጊው። መጀመሪያ እጅሽን ከዲስኮቹ ላይ አንሺ።

ዲስክ ሲሞት እንዲህ አይጫወትም። የሞተ ዲስክ አንዴ ይወድቃል፣ ወድቆም ይቀራል። አንዴ ከዚህ ሰርቨር አንዴ ከዚያ እየተፈራረቀ የሚወድቅና የሚነሳ ከሆነ የታመመው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው። የአንዱን ኦኤስዲ ሎግ ብትከፍቺ «እኔ በሕይወት አለሁ፣ በስህተት ወደቀ ብላችሁኛል» ዓይነት መስመር ተደጋግሞ ታገኛለሽ። ራሱ እየጮኸ ነው። እሱን ካጠፋሽው ደህናውን ቅጂ በገዛ እጅሽ ጣልሽ ማለት ነው። ሴፍ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱን መረጃ ሦስት ቦታ ያስቀምጣል፣ ቢያንስ ሁለቱ ካልተገኙ ደግሞ መጻፍም ማንበብም ያቆማል። ማሽኖቹ የደረቁት ለዚህ ነው፤ መረጃው ጠፍቶ አይደለም።

ስለዚህ ከምንም በፊት ከአንዱ ሰርቨር ላይ «ሴፍ ኦኤስዲ ሴት ኖአውት» የሚለውን ትእዛዝ ስጪ። አንድ ኦኤስዲ ወድቆ 600 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ከቆየ ሴፍ ተስፋ ቆርጦ መረጃውን ወደ ሌሎች ዲስኮች ማዛወር ይጀምራል። በታመመ መንገድ ላይ ያን ሁሉ ጭነት መልቀቅ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ይህ ትእዛዝ «ቆይ፣ አትቸኩል» ማለት ነው። በኋላ ማንሳቱን እንዳትረሺ።

አሁን ወደ ፒንግሽ እንምጣ። ከሊኑክስ ላይ ዝም ብለሽ ስትልኪው ፒንግ የሚይዘው 56 ባይት ብቻ ነው። ባዶዋን አህያ በአጥሩ በር አሳልፈሽ በሩ ሰፊ ነው ብለሻል። ግራና ቀኝ ጭድ የተጫነችውን አምጪና ሞክሪያት! የስቶሬጅ ትራፊክ ባለ ጭዷ ናት። የገጠመላችሁ ሰው ጃምቦ ፍሬም፣ ከተለመደው የሚበልጥ የመረጃ ጥቅል፣ እንደተጠቀመ ጽፈሽልኛል፤ ማለትም ሰርቨሮቹ ላይ ኤምቲዩ፣ የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ 9000 ባይት ነው። ከተለመደው 1500 ስድስት እጥፍ። መሀል ያለው ስዊች ግን 1500 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ትልቁን ፍሬም መልሶ «አልቻልኩም» አይልም። ዝም ብሎ ይጥለዋል። ላኪው እንደገና ይልካል፣ እንደገና ይጣላል። ትንንሹ ወሬ ሁሉ ያልፋል፣ ጭነቱ ሁሉ ይቀራል።

ሴፍ እዚህ ላይ ብልጥ ነው። ኦኤስዲዎች እርስ በርስ የሚላላኩትን የልብ ትርታ መልእክት ሆን ብሎ እስከ 2000 ባይት ያሳብጠዋል፤ በ1500 መንገድ እንዳያልፍና ችግሩ እንዲታወቅ። 20 ሰከንድ ትርታ ካልተሰማ ጎረቤቱ «እገሌ ወድቋል» ብሎ ለሞኒተሮቹ፣ ማን እንደተነሳና ማን እንደወደቀ ለሚመዘግቡት የሴፍ ፕሮግራሞች፣ ይናገራል። ሞኒተሮቹ የሚለዋወጡት በአብዛኛው አጭር አጭር ቃል ስለሆነ እነሱ ደህና ናቸው፣ ጉባኤያቸው አልተበተነም። ሙት የተባለው ኦኤስዲ ደግሞ «አለሁ» ብሎ ይመለሳል። ያየሽው መውደቅና መነሳት ይኸው ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። ፒንግ ስትልኪ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ የሚከለክለውን አማራጭ ጨምሪ፤ ሰረዝ ትልቁ ኤም፣ ቀጥሎ «ዱ» ነው። መጠኑን ደግሞ በሰረዝ ትንሹ ኤስ 8972 አድርጊው። ለምን 9000 አልሆነም ትዪኝ እንደሆነ፣ 20 ባይት ለአይፒው ራስጌ፣ 8 ባይት ለአይሲኤምፒው ራስጌ ይቀነሳል። የምትልኪውም ወደ ስቶሬጁ አድራሻ ነው፤ ፕሮክስሞክስን በብራውዘር በምትከፍቺበት አድራሻ ከፈተንሽ የፈተንሽው ሌላ መንገድ ነው። ከሦስቱም ወደ ሦስቱም፣ ማለትም ስድስት አቅጣጫ። ከአንድ ወደ ሁለት ሄደ ብለሽ ከሁለት ወደ አንድ ያለውን ሳትሞክሪ እንዳታልፊ። ወረቀት ላይ ጻፊው።

መልሱን አስተውለሽ አንብቢ። ወዲያውኑ «መልእክቱ ረጅም ነው» ብሎ ኤምቲዩ 1500 ካለሽ ጥፋቱ እዚያው አንቺ የተቀመጥሽበት ሰርቨር ላይ ነው። የኔትወርክ ካርዱን፣ ቦንዱን (እንደ አንድ የተጣመሩትን ፖርቶች)፣ ቪላን (በአንድ ገመድ ላይ የተለየ ኔትወርክ) ካለ ቪላኑን፣ ብሪጅ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን ከካርዱ የሚያገናኝ) ካለ ብሪጁን አንድ በአንድ እዪ፤ ከመካከላቸው አንዱ 1500 ላይ ቀርቷል። ምንም ሳይናገር ጭጭ ካለና ሁሉም ፓኬት ከጠፋ፣ በ1472 ስትሞክሪው ግን ካለፈ፣ ጣዩ መሀል ላይ ነው፤ በአብዛኛው ስዊቹ። በ8972 ስድስቱም ካለፉ ደግሞ ይህን ሁሉ ያልኩሽን ተዪውና ወደ ታች ውረጂ።

ባትጠይቂኝም ልገምት፦ ስዊቹ ነው። ምክንያቱም እኔም በልቶኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡሬ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ገጠምኩ። ስዊቹን አስተካከልኩ፣ ፖርቶቹን በስማቸው ጻፍኩ፣ ሁሉም ሠራ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። አንድ ነገር ብቻ አላደረግኩም። ሴቭ! ስዊች እየሠራ ያለበት ኮንፊግ፣ ማለትም ቅንብር፣ እና ሲነሳ የሚያነበው ኮንፊግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴቭ ካላደረግሽው ያስተካከልሽው ሁሉ ያለው በሚሠራበት ትውስታ ላይ ብቻ ነው። ስዊቹ ሳይጠፋ አሥራ አንድ ወር ከረመ፤ መብራት ሲሄድ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ ነበርና። ዩፒኤሱ ያረጀ ቀን ጠፋ። ጠርተውኝ ሄድኩና ሙሉ ቀን ዲስክ ስነቅል ሜሞሪ ስጠርግ ዋልኩ። ማታ ላይ አብሮኝ የነበረው ልጅ፣ የስዊቹን ገጽ እያየ፣ «ጋሼ፣ የፖርቶቹ ስም የት ሄደ?» አለኝ። አየሁት። ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ፊቴ ጋለ። ልጁ አልሳቀብኝም፣ እግዜር ይስጠው።

ስለዚህ ስዊቹ ውስጥ ስትገቢ መጀመሪያ ስሙን እዪ። የሰጣችሁት ስም ጠፍቶ የፋብሪካው ስም ከተመለሰ መልሱን አገኘሽ። ከዚያ ኤምቲዩውን እዪ። ስዊቹ ላይ ከሰርቨሩ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ብዙዎቹ እስከ 9216 ይቀበላሉ፣ እዚያ ላይ አድርጊው። በአንዳንዱ ስዊች የሚስተካከለው በየፖርቱ ነው፣ በአንዳንዱ ባንድ ጊዜ ለሁሉም፤ ካልተዘጋና ካልተከፈተ የማይቀበልም አለ። ስትጨርሺ ሴቭ፣ ከዚያም ኮንፊጉን አውጥተሽ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ።

የስዊቹ የይለፍ ቃል ጠፍቶ ከሆነ፣ ገጣሚውም ስልክ አላነሳ ካለሽ፣ ዛሬውኑ መሥራት ስላለበት ሦስቱንም ሰርቨሮች ወደ 1500 አውርጃቸው። በ10 ጊጋቢት ላይ እንደናንተ ላለ ሥራ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም። ይህን ስል የሚቆጡኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ ይቆጡ። ቅደም ተከተሉን ግን ለሁልጊዜው ያዢው፦ ኤምቲዩ ከፍ ስታደርጊ መጀመሪያ ስዊቹን ከዚያ ሰርቨሮቹን፤ ዝቅ ስታደርጊ መጀመሪያ ሰርቨሮቹን ከዚያ ስዊቹን።

የስዊቹ ኮንፊግ ጠፍቶ ከሆነ ኤምቲዩው ብቻውን አልጠፋም። ሁለት ሁለቱን ገመድ በኤልኤሲፒ አጣምራችሁ ከሆነ ስዊቹ ያን ጥምረትም ረስቶታል። ሰርቨሩ ላይ የቦንዱን ሁኔታ የሚያሳየውን ፋይል ክፈቺ፤ ከወዲያ ማዶ ያለው አጣማሪ የማክ አድራሻ ዜሮ በዜሮ ከሆነ ማዶ የሚያናግረው የለም። ይህ ሲሆን ምልክቱ ያምታታል፦ አንዱ ሰርቨር ከሁለተኛው ጋር ደህና ይነጋገራል፣ ከሦስተኛው ጋር አይሆንም። ቪላኖቹንም ስዊቹ እንዲሁ ረስቷቸዋል።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ገመድና ሞጁል፦ የካርዱን የስህተት ቆጣሪ አንብቢ፤ የሲአርሲ ስህተት፣ ማለትም መንገድ ላይ የተበላሸ መረጃ ቁጥር፣ እያየሽው የሚጨምር ከሆነ ገመዱን ቀይሪ፤ ፋይበር ከሆነ ጫፉን በመጥረጊያው ጥረጊ፤ የበጋ አቧራችን የማይገባበት የለም። ፍጥነት፦ ከሰርቨር ሰርቨር በአይፐርፍ ለኪ፤ ከ9 ጊጋቢት በላይ መስጠት አለበት። 940 ሜጋቢት አካባቢ ላይ ከቆመ ትራፊኩ በ1 ጊጋቢቱ ፖርት እየሄደ ነው። አንድ አድራሻ ሁለት ቦታ መሰጠቱም ያጋጥማል።

ሰዓቱን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የሴፍ ሞኒተሮች ሰዓታቸው ከ0.05 ሰከንድ በላይ ከተለያየ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። መብራት ጠፍቶ የተነሳ ሰርቨር፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀ ከሆነ፣ የት ዘመን ላይ እንደሚነሳ አይታወቅም፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ የሚያስተካክለው የለም። አንድ ቦታ የገጠመኝን ልንገርሽ፦ የስቶሬጁ ሁሉ ነገር ደህና ሆኖ አንዱ ሰርቨር ብቻ አልገባም አለ። ለካ ጥበቃ ላይ ያደረው ልጅ ሰዓቱን እንዲያስተካክል በስልክ ተነግሮት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነውና 3:00 ብሎ ሞልቶታል። በኛ ቆጣጠር ትክክል ነው። ሰርቨሩ ግን የሚጠብቀው 9:00 ነበር። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ! ከሦስቱ አንዱን ወይም ራውተሩን የሰዓት ምንጭ አድርጊና ሌሎቹ ከሱ እንዲወስዱ አድርጊ፤ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ቢያንስ እርስ በርስ ይስማማሉ።

ሰልፉ ካለቀ በኋላ የምትሠሪው ደግሞ አለ። ስዊቹ የተሰካው የት ነው? ሂጂና ገመዱን በእጅሽ ተከትለሽ እዪው። ሰርቨሮቹን ዩፒኤስ ላይ ሰክተው ስዊቹን ከግድግዳው ሶኬት የሚያስገቡ ሰዎች እልፍ ናቸው፤ ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል ብለው። መብራቱ ለሦስት ሰከንድ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰርቨሮቹ ሳይጠፉ ስዊቹ ይወድቃል፣ ተመልሶ እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ሴፍ ይታወካል።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን የስቶሬጅ ስዊቹን ጭራሽ አወጣው ነበር። ሦስት ሰርቨር ብቻ ናችሁ፤ እያንዳንዱ ሁለት የ10 ጊጋቢት ፖርት አለው። በሦስት ገመድ አንዱን ከሁለቱ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ይቻላል፤ የፕሮክስሞክስ መመሪያ ላይም ዘዴው ተጽፏል። ኮንፊጉን የሚረሳ ስዊች የለም፣ የሚሰካ ሌላ ዕቃ የለም፣ ኤምቲዩውም ሰርቨሮቹ ላይ ብቻ ነው የሚታየው። አራተኛ ሰርቨር የመጣ ቀን አይሠራም፤ ያኔ ለእያንዳንዱ ሦስት ፖርት፣ በጠቅላላው ስድስት ገመድ ይፈልጋል። በቅርብ እናሰፋለን ካላችሁ ስዊቹን አቆዩት፣ ሁለተኛም ግዙለት።

ሲስተካከል እንዲህ ታያለሽ፦ ኦኤስዲዎቹ መውደቃቸውን ያቆማሉ፣ ሴፍ የቀረውን ቅጂ ያመጣጥናል፣ የደረቁት ቨርቹዋል ማሽኖች አብዛኞቹ ራሳቸው ይነቃሉ፤ ያልነቃውን አንቺ አጥፍተሽ አስነሺው። ዳታቤዙ ያለበትን ማሽን ግን ከመክፈትሽ በፊት የውስጥ ዲስኩን አስመርምሪ። ሩብ ሰዓት ምንም ሳይወድቅ ካለፈ ኖአውቱን «አንሴት» ብለሽ አንሺ። ካልሆነልሽ ስድስቱን የፒንግ ውጤት የጻፍሽበትን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ የስዊቹን ሞዴልም ጨምሪበት።