የተጣራ ተከፋይ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። ሥራ ከጀመረች ገና አምስተኛ ወሯ ነው። ቡና እየጠጣን ስልኳን አውጥታ የሌላ ስልክ ፎቶ አሳየችኝ። "ጋሼ፣ ይሄን ልገዛ ነው፤ ትንሽ ጎደለኝ" አለች። የያዝሽው ምን ሆነ አልኳት። "ምንም አልሆነም። ግን ቢሮ ውስጥ ሁሉም ቀይሯል።" ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው፤ በእሷ ዕድሜ ላላችሁም ጭምር።

እኔ 31 ዓመት ሒሳብ ክፍል ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራዬ ደመወዝ ማዘጋጀት ነበር። ፔሮል ያየ ያውቀዋል። ስም፣ ጠቅላላ ደመወዝ፣ ከዚያ የተቀናሽ ዓምዶች፣ መጨረሻ ላይ የተጣራ ተከፋይ። አሁን 7 በመቶ የሆነው ጡረታ አለ፤ የሥራ ግብር አለ፤ ብድርና ቁጠባ፣ በፍርድ ቤት የተወሰነ ቀለብ፣ ለሰው ዋስ ሆኖ የሚቆረጥበትም አለ። ማንም ሳይነግረኝ የሰውን ኑሮ ከዚያ ወረቀት ላይ አነብ ነበር። ጠቅላላው ደህና ሆኖ የተጣራው ኩርማን የቀረ ስንት ሰው አውቃለሁ! አንዳንዱ ፈርሞ የተቀበለውን ፖስታ ሳይከፍት በር ላይ ለቆመ አበዳሪው ያስረክብ ነበር።

ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ። በ1989 ዓ.ም. ስዳር አቅሜ መቶ ሰው ነበር፤ የጠራሁት አራት መቶ። ድንኳኑ፣ የሙሽራው መኪና፣ ቪዲዮው፣ የሚዜዎቹ ሱፍ ሁሉም በብድር። ሦስት ዓመት ተቆረጠብኝ። ድግሱን ዛሬ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ጠጁ አነሰ ብሎ ያማኝ አጎቴ ነበር የሚያነሳው፤ እሱም አረፈ፣ ነፍሱን ይማር።

በሁለተኛው ዓመት አለቃዬ ጠራኝ። ያልገባ ዕቃ እንደገባ ተደርጎ ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ተቆርጦለታል። ክፍያውን አዘጋጅ ተባልኩ። ዕቃው እንዳልገባ አውቃለሁ። መጋዘኑ ከቢሮዬ በር ትይዩ ነበር። እምቢ ብል ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይወረውሩኛል፤ ሊያግዱኝም ይችላሉ። ዕዳ ባይኖርብኝ ሁለት ሦስት ወር እንደምንም እችለው ነበር። የእኔ ደመወዝ ግን ሳይወጣ ያለቀ ነው። አዘጋጀሁ።

አረጋጋጭ ሆና መፈረም የነበረባት ባልደረባዬ ግን አልፈርምም አለች። ሥራ ሳይሰጣት ለወራት ባዶ ጠረጴዛ ይዛ ተቀመጠች፤ በኋላም አዛወሯት። እያፈራረቀች የምትለብሳቸው ሁለት ቀሚሶች ነበሯት። እኛ ቆጥቋጣ ብለን እናማት ነበር። የሰበሰበችውን ገንዘብ ምን እንደምታደርግበት እንገምት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መገመቱን ተውኩ። ቁጠባ ሲባል ዛሬም ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

እናም ዋጋን በብር አታንብቡት፤ በተጣራ ተከፋይ አንብቡት። የተጣራው 10,000 ብር ከሆነ የ40,000 ብር ስልክ አራት ወር ነው፤ ሳይበላ፣ ታክሲ ሳይያዝ፣ ቤት ኪራይ ሳይከፈል። ስልኩ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። የማን ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አደገ?

በእኛ ጊዜ ብድር አድካሚ ነበር። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ዋስ ይፈለጋል፣ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ይጠበቃል። እናማርር ነበር። አሁን ሳስበው ዋስ ፍለጋ ስንንከራተት ስንቱ አምሮት መንገድ ላይ በርዶ ቀረ። ዋስ የሚሆነው ሰው መጀመሪያ "ለምንህ ነው?" ይላል። ስትመልስለት የራስህን ድምፅ ትሰማለህ። አንዳንዴ ደስ አይልም።

ዛሬ ያ ጥያቄ የለም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ቴሌብር መላና እንደኪሴ ከመጡ ወዲህ ብድር ስልክ ውስጥ ገብቷል። እንደኪሴ ሒሳባችሁ ባይበቃ እንኳ ክፍያውን ያስጨርሳችኋል። በሽተኛ ለያዘ ሰው ወይም ለቸገረው ነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፤ አልነቅፈውም። ለጫማ ከሆነ ግን ዋሱን ራሳችሁ መልሱት። አንድ ጓደኛ ምረጡ። ከዚህ ብር በላይ ስንገዛ ሳንነጋገር አንገዛም ተባባሉ። ፈቃድ አይደለም፤ መንገር ብቻ ነው። ከነገራችሁት በኋላ የሚቀጥለው ደመወዝ እስኪወጣ ጠብቁ።

"ሁሉም ቀይሯል" ወዳለችው ልመለስ። "እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም" ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው፤ ለብቻ ሲሞክሩት ግን ይከብዳል። ይሉኝታ ቀላል ነገር አይደለም። ለጓደኛ ሰርግ ተመሳሳይ ጨርቅ ይገዛ ሲባል "እኔ ይቅርብኝ" ያለች አንዲት ልጅ ቀናተኛ ትባላለች። ስድስት ሆነው "ባለን የሐበሻ ቀሚስ እንምጣ" ካሉ ግን ሙሽራዋም እፎይ ትላለች። ስለዚህ መጀመሪያ ጓደኞቻችሁን ያዙ። እቁብም የተፈጠረው አንድ ሰው ብቻውን ስለማይችል አይደል? 12 ሰው በወር 2,000 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 24,000 ብር ያለ ወለድ ያነሳል። ለምን እንደምትጥሉ ግን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ደህናውን ሶፋ ለመቀየር የተጣለ እቁብ ብዙ አይቻለሁ። እኛም ቤት አንድ ጊዜ ተደርጓል፤ ባለቤቴ ስለምታነበው ዝርዝሩን ልተወው።

ስለ ጥገና ብዙ አልሰብክም። አዲስ አበባ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ሊስትሮው ሶል ይለጥፋል፤ ልብስ ሰፊው ዚፕ ይቀይራል፤ ቆራሌው እየጮኸ በር ድረስ ይመጣል። ምናለሽ ተራ ከበርሜል ምድጃ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ይወጣል። የምንጥለው ነገር የሚሄድበትንም ቦታ እናውቀዋለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ያ ሁሉ ዘመን የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ደህና ዕቃ ልጥል ስል እጄ ይከብደኛል።

ትናንት ለእህቴ ልጅ ደወልኩላት። ብሩን እሰጥሻለሁም፣ አልሰጥሽምም አላልኳትም። ዋስሽ እኔ ነኝ አልኳት። ሳቀች። ደመወዝ ሲወጣ ትመጣለች። ያኔም ከፈለገችው መርካቶ አብረን እንሄዳለን። ክርክሩን ለእኔ ትተወው፤ እሷ ዋጋ ላይ ቶሎ ነው የምትሸነፈው።