ቀለሁን አትጣሉት፤ ሒሳቡን ግን አስቀድሙ

መርካቶ ምናለሽ ተራ የዘይት ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን እያየ ላደገ ሰው፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተተኮሰ የሾትጋን (ጠጠር የሚረጭ ጠመንጃ) ቀለህ ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ማየት ያስቆጫል። አሜሪካ ሳለሁ የሸክላ ዒላማ ተኩስ፣ ማለትም ወደ አየር የሚወነጨፍ የሸክላ ሳህን መምታት፣ ስጀምር የተሰማኝ ይኸው ነበር። ዛሬ ተመልሼ አራት ኪሎ ብኖርም፣ እዚያ ያላችሁ ወገኖቼ «ጥይቱን ራሳችን ብንሞላው ይረክሳል ወይ?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ የማውቀውን እጽፍላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት የመኖሪያ ወረቀታችሁን ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ያለ ሕጉ የሚቀበለው ምክንያት ከሌለው በስተቀር፣ መሣሪያም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው ለራሱ መሙላት ይችላል፤ ለጓደኛ ሞልቶ መሸጥ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ንግድ ነው።

አንድ ጥይት ቀለህ፣ ፕራይመር (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል)፣ ባሩድ፣ ዋድ የሚባለው የፕላስቲክ ጽዋና የእርሳስ ጠጠር ይፈልጋል። በነጻ የሚገኘው ቀለሁ ብቻ ነው፤ ወጪውን የሚያከብደው ደግሞ በአብዛኛው እርሳሱ ነው። 25 ፓውንድ የሚመዝን አንድ ከረጢት እርሳስ 400 አውንስ (አንዱ አውንስ 28 ግራም ገደማ) ስለሆነ፣ በየጥይቱ አንድ አውንስ ከአንድ ስምንተኛ የምትጨምሩ ከሆነ 355 ጥይት ይሞላል፤ ሰባት ስምንተኛ አውንስ የምትጨምሩ ከሆነ ግን 457 ይደርሳል። ከአንድ ከረጢት መቶ ጥይት፣ ማለትም ባለ 25 ዒላማ አራት ዙር፣ አተረፋችሁ ማለት ነው። ቀላሉ ጥይት ሸክላውን አይሰብርም ብላችሁ አትስጉ፤ በኦሎምፒክ የሚፈቀደው እርሳስ 24 ግራም ሲሆን፣ ይህም ከሰባት ስምንተኛ አውንስ ትንሽ ያንሳል።

ሆኖም በባለ 12 ጌጅ የምትተኩሱ ከሆነ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ ይጠብባል) የመሙያ ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። ለዚህ መጠን ፋብሪካው በብዛት ስለሚያመርት ርካሹ የዒላማ ጥይት ራሳችሁ ከምትሞሉት ብዙም አይርቅም። ትልቁ ትርፍ ያለው በባለ 28 ጌጅና ከእሱም በሚጠብበው በፎር ቴን (.410) ነው፤ ፎር ቴን ግማሽ አውንስ እርሳስ ብቻ እየያዘ በሱቅ ከ12ቱ ይበልጥ ይወደዳል፣ ያው ከረጢት ግን 800 ይሞላላችኋል። በእነዚህ ለሚተኩስ ሰው ማሽኑ ዋጋውን ቶሎ ይመልሳል።

ቀለህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አጠራቅሙ፤ መሬት የወደቀው የክለቡ ንብረት የሚሆንበት ቦታ ስላለ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ አፉ ላይ ያለው እጥፋት ከተሰነጠቀ ወይም ጎኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ካበራች ይጣል። የቀለህ ዓይነቶችንም አትደባልቁ፤ ከውጭ ቢመሳሰሉም የውስጥ ስፋታቸው ይለያያል። የአሞላሉን ልክ በሚሰጠው የመሙያ መጽሐፍ ከተጻፈው ቀለህ፣ ፕራይመር፣ ባሩድና ዋድ አንዱንም «ይመሳሰላል» ብሎ መተካት በሕይወት መቀለድ ነው።

አንድ ምሽት እየሞላሁ ሳለ ስልክ ጠራ፤ ተነጋግሬ ስመለስ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። በማግስቱ ሜዳ ላይ አንዱ ጥይት፣ ባሩድ ሳይገባበት ቀርቶ ኖሮ፣ «ፑፍ» ብሎ ቀረ። ቀጣዩን ላጎርስ ስል አጠገቤ የነበሩ አዛውንት እጄን ያዙኝ፤ መሣሪያውን ከፍተን ስናይ ዋዱ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሯል። በላዩ ተኩሼ ቢሆን ኖሮ አፈሙዙ ይፈነዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስትሞሉ ስልክ ይጥፋ እላለሁ፤ ከተቋረጣችሁም የጀመራችሁትን አፍርሱ፣ ባሩዱንም በሚዛን አረጋግጡ።

እኛ በእጃችን የምንበላ፣ ልጆቻችንን የምናጎርስ ሰዎች ነን። ስለዚህ የእርሳስ ብናኝ የነካ እጅ በሳሙና በደንብ ሳይታጠብ እንጀራ አይንካ፤ የመሙያው ጠረጴዛም ከማዕድ ቤት ይራቅ። ከሜዳ የተለቀመ እርሳስ ይረክሳል፤ ነገር ግን ታጥቦና ደርቆ የሚሸጠውን ግዙ እንጂ ቤታችሁ ውስጥ አታቅልጡ።

ባሩድና ፕራይመር በመንገደኛ አውሮፕላን በየትኛውም ሻንጣ አይጫኑም። አገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያና ጥይትን ያለ ፈቃድ ማስገባት ከልክላለች። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ሜዳ የምትይዙትን ቦርሳ ለጉዞ አትጠቀሙበት፤ የተኩስ ጃኬታችሁንም ኪስ አንድ በአንድ ገልብጡ፤ ተረስታ የቀረች አንዲት ጥይት ቦሌ ላይ ቤተሰብ እየጠበቃችሁ ታስቆማችኋለች።